በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የታየውን በሥዕል ስለ ማስቀረት



ታላቅ እኅቴ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቷን ለማየት ወደ አንድ ኮምፒዩተር ቤት በሄደች ጊዜ እኔም ተከትያት ሄጄ ነበር። የጢቾ ክረምት ገና አልወጣም ነበርና ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ፣ ኔትወርኩም ሲመጣና ሲሄድ ውሎ፣ ወደ ማታ ገጹ ተከፈተልን። ስሟን፣ የምዝገባ ቍጥሯንና የእያንዳንዱን ትምህርት ነጥብ ስናነብ ደስታ ያዘን። እኅቴም «ቆይ፣ እስክሪብቶ ልዋስ» ብላ ዞር ከማለቷ መብራት ጠፋ። ድምሩን ሁለታችንም አልረሳነውም፤ የፊዚክሱን ነጥብ ግን እኔ አንድ ቍጥር፣ እርሷ ሌላ ቍጥር ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። አባታችን «ታዲያ የቱ ነው ልኩ?» ቢሉን መልስ አጣን። ገጹን እንደ ገና ለማየት ሁለት ቀን ፈጀብን። ሁለት ቁልፍ መጫን ባለማወቃችን የደረሰብን ጭንቀት በሌላው ተማሪ ላይ እንዳይደርስ በማሰብ፣ ከኮምፒዩተር መምህራችን የተማርሁትንና ራሴም ሞክሬ ያገኘሁትን እነሆ ጽፌአለሁ።

ስክሪን ሹት እየተባለ የሚጠራው ነገር፣ በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ በዚያች ቅጽበት የሚታየውን ሁሉ እንዳለ ቀድቶ በሥዕል መልክ ማስቀመጥ ነው። ሥዕል ይባል እንጂ ካሜራ የለበትም። የኮምፒዩተር ገጽ እጅግ ትንንሽ ከሆኑ ነጥቦች የተሠራ ነው፤ በብዙ ላፕቶፕ ላይ የሚገኘው ገጽ በአግድም 1366፣ ወደ ታች 768 ነጥብ አለው። ሁለቱን ብናባዛ 1,049,088 ነጥብ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ለይቶ በሦስት ቍጥር ይይዘዋል፤ ስለዚህ ቍጥሮቹ በጠቅላላው 3,147,264 ናቸው ማለት ነው። ቁልፉን ስንጫን ኮምፒዩተሩ እነዚህን ቍጥሮች ይገለብጣል። በስልኩ ካሜራ ገጹን ፎቶ የሚያነሣ ሰው ግን የመስታወቱን ነጸብራቅና የእጁን መንቀጥቀጥ ጨምሮ ያነሣል።

ለዚህ ሥራ የተመደበው ቁልፍ በፊደል ገበታው ላይ ከላይ በስተቀኝ በኩል የሚገኘው «ፕሪንት ስክሪን» የሚባለው ነው። ትርጓሜው «ገጹን አትም» ማለት ሲሆን፣ በርግጥም በመጀመሪያ ሥራው ማተም ነበር፤ አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. ባወጣው የግል ኮምፒዩተር ላይ ይህ ቁልፍ ከሺፍት ጋራ ሲጫን በገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ማተሚያው ይላክ ነበር። ዛሬ ሥራው ተለውጦ ስሙ ብቻ ቀርቷል። አንዳንድ ጓደኞቼ «እኛ ዘንድ ፕሪንተር ስለሌለ ይህ ቁልፍ አይሠራም» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔም ራሴ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ እንደዚያው አምን ነበር።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ፕሪንት ስክሪንን ብቻ ብንጫን የገጹ ቅጂ በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ መያዣ ውስጥ ይገባል፤ ኦልት ከተባለው ቁልፍ ጋራ ብንጫነው ደግሞ ከፊት ያለው አንድ መስኮት ብቻ ይቀዳል። (በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ኮምፒዩተሮች ላይ ግን ቁልፉ ብቻውን ሲጫን የሥዕል መቍረጫውን ሊከፍት ይችላል።) ከዚያ በኋላ ፔይንት ወይም ወርድ ከፍተን፣ ኮንትሮልና ቪን በአንድነት ተጭነን ሥዕሉን ለጥፈን ማስቀመጥ አለብን። እዚህ ላይ ልብ እንበል! ጊዜያዊው መያዣ የሚኖረው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ነው። ባትሪ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ያለ ሰው ለጥፎ ሳያስቀምጥ መብራት ቢጠፋበት፣ ሥዕሉም አብሮ ይጠፋል። እኅቴ ያን ዕለት ይህን ቁልፍ ብቻ ተጭና ቢሆን ኖሮ ያው ባዶ እጃችንን በተመለስን ነበር።

ስለዚህ እንደኛ ላለ አገር የሚሻለው የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ፕሪንት ስክሪንን በአንድነት መጫን ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይህ ሲደረግ ገጹ ለአንድ አፍታ ደብዘዝ ይልና ሥዕሉ ራሱን በራሱ «ፒክቸርስ» በሚለው ማኅደር ውስጥ «ስክሪንሾትስ» በሚባለው ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ መብራት ቢጠፋ ሲመለስ እዚያው ይገኛል። ኮምፒዩተሩ የሰው ከሆነ ግን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ከዚያ ላይ መደምሰስ ይገባል። ከገጹ ጥቂቱን ብቻ ቈርጦ ለማንሣት የሚፈልግ ዊንዶውስን፣ ሺፍትንና ኤስን ተጭኖ በማውዙ ይከልለው። በላፕቶፕ ላይ ፕሪንት ስክሪን ከሌላ ቁልፍ ጋራ ተዳብሎ ሲገኝ «ኤፍ ኤን» የሚለውን ጨምሮ መጫን ያስፈልጋል። ማኪንቶሽ ያለው ሰው ኮማንድን፣ ሺፍትንና 3ን ይጫን።

ሥዕሉ የሚቀመጥበትም ዓይነት የራሱ ቁም ነገር አለው። ፒ ኤን ጂ የሚባለው ዓይነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳይለውጥ ያስቀምጣል። ነጭ ወረቀት የመሰለ ገጽ ሲያጋጥመው፣ በምሳሌ ስናስረዳው፣ «ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ» እያለ ሺህ ጊዜ በመጻፍ ፈንታ «ነጭ፣ 1000 ጊዜ» ብሎ እንደሚመዘግብ ጸሐፊ ነው። ጄፔግ የሚባለው ግን ለፎቶግራፍ የታሰበ ስለሆነ፣ ቦታ ለመቈጠብ ሲል ዓይን አያየውም ያለውን ይጥላል። ለሰው ፊትና ለተራራ ይህ አይጎዳም። ለእኛ ፊደል ግን ይጎዳል፤ በ እና ቡ፣ ለ እና ሉ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነውና እርሷ ከደበዘዘች ንባቡ ይለወጣል። ሥዕሉን በቴሌግራም የሚልክ ሰው በፎቶ መልክ ከላከው ስለሚጨመቅ፣ በፋይል መልክ ቢልከው ጽሑፉ እንደ ጠራ ይደርሳል።

ስናነሣ ምን ምን ይግባ? የእኔ አሳብ፣ ለማስረጃ የሚሆን ነገር ሲሆን መላው ገጽ ይነሣ የሚል ነው፤ ከላይ ያለው የድረ ገጹ አድራሻ፣ መካከሉ፣ ከታች በስተቀኝ ያለው ቀንና ሰዓት ሁሉ ይግባ። ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፈረንጅ የሚቈጥር ስለሆነ 9፡15 ቢል ለእኛ ጧት 3፡15 ነው። አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ በውስጡ ያለችው ክብ ትንሽ ባትሪ ከሞተች፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቍጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ኮምፒዩተር የተነሣ ሥዕል የዛሬውን ውጤት የልደታችንን ዓመት አስይዞ ያሳያል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሰዓቱን ማስተካከል ነው።

እስካሁን የጻፍሁት ለተማሪው ነበር። ከዚህ በታች ያለውን ግን ወላጆች አደራ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

አንድ ቀን መምህራችን በክፍል ውስጥ አንድ የድረ ገጽ ሰንጠረዥ ከፍተው 412 የሚለውን ቍጥር አሳዩን። ቀጥሎም በራሱ በማሰሻው ውስጥ ባለው የሠሪዎች መሣሪያ ቍጥሩን 512 አደረጉትና ስክሪን ሹት አነሡ። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም። በሥዕሉ ላይ ፍቀት የለም፣ ድልዝ የለም፣ የፊደሉም ዓይነት ያው ነው። ገጹ እንደ ገና ሲከፈት ግን ቍጥሩ 412 ሆኖ ተመለሰ፤ በእውነተኛው መዝገብ ላይ የተነካ ነገር የለምና። ስክሪን ሹት የሚመሰክረው በገጹ ላይ ምን እንደ ታየ ነው እንጂ፣ የታየው ነገር እውነት መሆኑን አይደለም። ስለዚህ ሪከርድ ቢሮ ለሰነድ የማይቀበለን ቢሆን መቈጣት አይገባንም። የእኛ ሥዕል ጥቅሙ ለራሳችን ማስታወሻና፣ ስሕተት ሲገኝ ቍጥሩን ጠቅሰን ለማመልከት ነው።

ይህ ነገር ከትምህርት ቤት አልፎ ገበያ ወርዷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረና ባንኮችም በስልክ ማስተላለፍን ካስለመዱ ወዲህ፣ ገዢ «ልኬአለሁ» ብሎ ሥዕል ማሳየት የተለመደ ሆኗል። አንድ ጐረቤታችን ገብሳቸውን ለማያውቁት ነጋዴ ሸጠው፣ የተላከ የሚመስል ደረሰኝ በስልክ ታይቷቸው ጭነቱን ለቀቁ፤ ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ አልገባም። በዚያ ደረሰኝ ላይ ስማቸውም የገንዘቡም ልክ በትክክል ተጽፎ ነበር። ሻጭ ማየት ያለበት የገዢውን ስልክ ሳይሆን የራሱን ሒሳብ ነው፤ ካልቻለም የደረሰኙን መለያ ቍጥር ይዞ ባንኩን ይጠይቅ። መልእክቱ እስኪደርስ ገብሱ ከመጋዘን ባይወጣ ማንም አይቀየምም፤ ቢቀየምም ይቀየም።

ከሌላው ይልቅ እኛ ተማሪዎች የምንሳሳተው ግን ሥዕሉን ለሁሉ በመበተን ነው። በደስታ ተገፋፍተን የውጤት ገጻችንን ከነምዝገባ ቍጥሩ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ እንለጥፋለን። የምዝገባ ቍጥር ከስም ጋራ በእንግዳ እጅ የሚገባ ነገር አይደለምና ከመላክ በፊት ይሸፈን። ሲሸፈንም ብርሃን በሚያሳልፍ ቀለም ሳይሆን በደፈነ ጥቍር ይሁን፤ በስልክ ላይ በሚገኘው የማድመቂያ እስክሪብቶ የተሠረዘ ቍጥር ብርሃኑ ሲጨመር መልሶ ሊነበብ ይችላል። ቈርጦ መጣልም ሁልጊዜ አያስተማምንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. በጉግል ፒክስል ስልኮችና በዊንዶውስ 11 መቍረጫ ላይ አንድ ጕድለት ተገኝቶ ነበር፤ ተቈርጦ ወጥቷል የተባለው የሥዕሉ ክፍል በፋይሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀር ስለ ነበር፣ የሚያውቅ ሰው ከፊሉን መልሶ ሊያወጣው ይችል ነበር። ኩባንያዎቹ በዚያው ዓመት አርመውታል፤ ከዚያ በፊት የተላኩት ሥዕሎች ግን እንደ ተላኩ ቀሩ።

እኅቴ ከሁለት ቀን በኋላ ገጹ ሲከፈትላት አንድ ጓደኛዋ ባሳየቻት መሠረት አንሥታ በፍላሽ ይዛ መጣች። የፊዚክሱ ነጥብ እርሷ ያለችው ሆኖ ተገኘ። አሰላ ላለው አጎታችን ስትልክለትም ቍጥሩን በጥቍር ሸፍና፣ አዲሱን ሥዕል በሌላ ስም አስቀምጣ፣ ያልተሸፈነውን ለራሷ አስቀርታ ነው።