ብርድ ሲመጣ ዓሣው የት ይሄዳል?

በታኅሣሥና በጥር የጣና ዳር ሰው «ዓሣው ጠፋ» ይላል። ጎርጎራም ሆነ ደልጊ ብትሄዱ የምትሰሙት ይህንኑ ነው። አጥማጁ በማለዳ በታንኳው ወጥቶ፣ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ መረቡን ሲስብ ሁለት ሦስት ቆሮሶ ብቻ ያገኛል። አንዳንዴም ባዶ እጁን ይመለሳል። ታዲያ ዓሣው የት ሄደ?

ዓሣው አልጠፋም። እንሽላሊትን አይታችኋል። በማለዳ ድንጋይ ላይ ወጥታ ፀሐይ ካልሞቀች እንደ ልቧ አትሮጥም። ዓሣም እንደዚሁ ነው። እንደ ሰውና እንደ በሬ የራሱ የሆነ ሙቀት የለውም። ውሃው ሲሞቅ ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የበላው ቶሎ አይፈጭለትም። ስለዚህ ጥቂት ይበላል፤ ምግብ ፍለጋም ብዙ አይዋኝም። ቆሮሶ በተለይ ሙቀት ይወዳል። ውሃው ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች ከወረደ መብላቱን ይተዋል። ጣና እንደዚያ አይቀዘቅዝም፤ ቢሆንም የታኅሣሥ ሌሊት ዓሣውን ያዘገየዋል።

መረብ ደግሞ ዓሣን አሳድዶ አይይዝም። ተዘርግቶ ይጠብቃል እንጂ። ዓሣው ካልተንቀሳቀሰ መረቡ ባዶውን ያድራል።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን ያን ያህል አይደለም፤ በጣም የጠለቀው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው። ደንገል የበቀለበት ዳር ደግሞ ውሃው ትንሽ ነው። በጣባ ያለ ውሃና በጋን ያለ ውሃ ውጭ ቢያድሩ፣ ጠዋት የበለጠ የሚቀዘቅዘው የትኛው ነው? የጣባው ነው። ፀሐይ ስትወጣ ቀድሞ የሚሞቀውም የጣባው ነው። የሐይቁ ዳር እንደ ጣባው፣ መሐሉ እንደ ጋኑ ነው።

ስለዚህ በብርድ ወራት ሌሊትና ማለዳ ዓሣውን ከዳሩ ራቅ ብሎ፣ ጠለቅ ያለው ውሃ ውስጥ መፈለግ ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ወደ ደንገሉ ጥግ ይጠጋል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ዳር ዳሩን የሚደክም ሰው ብርዱን ብቻ ይዞ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ነፋሱ ከላይ የሞቀውን ውሃ እየገፋ ወደ አንዱ ዳርቻ ያከማቸዋል፤ ዓሣም እዚያ ሊገኝ ይችላል። ግን ያው ነፋስ ማዕበል ያመጣል፤ ታንኳ ደግሞ ያው የደንገል እስር ነው። በዚያ ሰዓት መሐል ሐይቅ ላይ መገኘት ለሕይወት ያሰጋል።

በሩቅ የብርድ አገሮች፣ ለምሳሌ በካናዳ፣ የሐይቁ ላይ በረዶ ሆኖ ይረጋል። ሰዎች በላዩ እየሄዱ በረዶውን በስተው ከሥሩ ዓሣ ያወጣሉ። እዚያም ቢሆን ዓሣው ጠለቅ ብሎ፣ ቀስ እያለ ይኖራል።

አምባዛ ጠባዩ ሌላ ነው። ጭቃ ይወዳል፤ የሚንቀሳቀሰው በሌሊት ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ ተሰብስቦ ስለሚገኝ ማጥመዱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚያዘው ከነእንቁላሉ ነው። በታኅሣሥ ወደ ሐይቁ ተመልሶ ተበትኗል።

በ2004 ዓ.ም በሰሜኑ ዳርቻ የታየው እምቦጭም ችግሩን አባብሶታል። እምቦጭ የሸፈነው ዳር ፀሐይ አያገኝም። ከሥሩ ያለው ውሃ በቀንም አይሞቅም፤ አየርም ያጥረዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ቀትር ላይ ቆሮሶ መጠበቅ ድካም ነው።

«ዓሣ ጠፋ» ሲባል ክፉ ምክር ይከተላል። አንዳንዱ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ ይበትናል። ይህ በ1995 ዓ.ም በወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 የተከለከለ ነው። ብርብራ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል፤ ትልቁን ከትንሹ አይለይም። የቆሮሶ እናት እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም የሚያድጉት እዚያው ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ ነው። ጫጩቱ ያለቀበት ዳር፣ በሚያዝያ ውሃው ሞቆ እንኳ መረቡ ባዶ ይወጣል። ያን ጊዜ በብርዱ ማሳበብ አይቻልም።