የጋራ ጓሮ፦ ከዘሩ በፊት ውሉ



ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጓሮ አትክልት ነው። «ይህ ዓምድ ከመቼ ወዲህ ነው ግብርና ማስተማር የጀመረው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጉዳዬ ጎመኑ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው በአንድነት በሚያለማው መሬት ላይ የአንዱ ሐቅ ከሌላው ሐቅ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ለማሳየት ነው።

እንደሚታወቀው በከተማችን የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከተስፋፉ ወዲህ ግቢ የሚባለው ነገር ለብዙዎቻችን የአንድ ቤተሰብ መሆኑ ቀርቶ የብዙ አባወራና እማወራ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ በኋላም ከተሜው ባለችው ክፍት ቦታ አትክልት እንዲተክል ሲበረታታ ቆይቷል። እኔ በምኖርበት ግቢም ከሕንፃው ጀርባ ያለው ቦታ ለ20 መደብ ተከፍሎ ፈቃደኛ ለሆኑ ነዋሪዎች ተከፋፍሏል። አንዱ መደብ 2 ሜትር በ5 ሜትር፣ ማለትም 10 ካሬ ሜትር ነው። በእኔ መደብ ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ቀይ ሥር አለ።

ይህ ቦታ አሁን ሊጠፋ ተቃርቧል። አንዳንድ ጎረቤቶቻችን «ጓሮው ያተረፈልን ጭቅጭቅ ብቻ ነው፤ አስተካክለን መኪና ማቆሚያ እናድርገው» የሚል ሐሳብ አቅርበው፣ በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ድምፅ ሊሰጥበት ነው። ብዕሬን ያነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ጭቅጭቁ ከየት መጣ?

ልብ ብሎ ላየው ሰው በመደቡ ምክንያት የተጣላ የለም። የእያንዳንዱ መደብ ድንበር በካስማና በገመድ ተለይቷልና። ጠቡ ያለው ከመደቡ ውጭ፣ የሁሉም በሆነውና የማንም ባልሆነው ነገር ላይ ነው። እነዚህም አራት ናቸው፦ ውሃው፣ መተላለፊያው፣ የብስባሹ ጉድጓድ፣ እንዲሁም ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው የሚሻገረው አረምና ተባይ። አረሙን ሳይነቅል ዘር እስኪጥል የተወ ሰው ለጎረቤቱ ነው የዘራው። ክሽክሽ የወረረውን ጎመን በጊዜ ያላስወገደም እንዲሁ። በራሱ መደብ ላይ ያደረገው ቢሆንም ጉዳቱ በራሱ መደብ ላይ አይቆምም።

ከአራቱ ሁሉ የከፋው የውሃው ነገር ስለሆነ እርሱን በስሌት እንመልከተው።

በበጋ ወራት ቅጠላ ቅጠል ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። የእኛ 20 መደብ በድምሩ 200 ካሬ ሜትር ስለሆነ በቀን ከ800 እስከ 1,000 ሊትር፣ በሳምንት ደግሞ ከ5,600 እስከ 7,000 ሊትር ይጠይቃል። ያለን ግን 2,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ነው። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ሲመጣ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ በድምሩ 4,000 ሊትር። እንግዲህ ማንም ባይሰርቅ፣ ማንም ባያባክን እንኳ ውሃው ለሁሉም መሬት አይበቃም ማለት ነው። ይህ የማንም ክፋት አይደለም። ክፋት የሚመጣው ጉድለቱ በአንድ ሰው ላይ እንዲያርፍ ሲደረግ ነው።

ያለፈው በጋ የሆነውም ይኸው ነው። ጓሮው ሲጀመር ለውሃው የተጻፈ ደንብ አልነበረውም። የቀደመ ይቀዳል፣ ያረፈደ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ይመለሳል። አንድ ምሽት ሮቶው ላይ ጎማ ተሰክቶ ሲፈስ አደረና ጧት ግማሹ ባዶ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሺህ ሊትር በአንድ ሌሊት! ለ20 ቤት በእኩል ቢካፈል ኖሮ የአምስት ቤተሰብ የሳምንት ድርሻ ነበር። ከታች ወለል የሚኖሩ አንዲት እናት የቤታቸው ወጥ ከዚያ መደብ ነበር። በዚያ ሳምንት ጎመናቸው ጠወለገ፣ በሚቀጥለው ደረቀ። «እማማ፣ ለምን ለኮሚቴው አይናገሩም?» ብላቸው «ልጄ፣ ለጎመን ብዬ ከጎረቤት ልጣላ?» አሉኝ። ዝም አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ጓሮው አይመጡም። ድምፅ ሊሰጥበት የቀረበው ሐሳብ ጓሮውን ቢያጠፋውም፣ እኚህ እናት ያጡትን ሐቅ አይመልስላቸውም።

«የጋራ ነገር ድሮም አይበረክትም» የሚሉ ወገኖች በትምህርቱም ዓለም ደጋፊ ነበራቸው። ጋሬት ሃርዲን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የጋራ ግጦሽ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ከብት ሲጨምር መጨረሻው የሁሉም መጥፋት ነው ሲል ተከራክሯል። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለችው ምሁር ግን በየአገሩ ያሉ የመስኖ፣ የግጦሽና የዓሣ ማስገሪያ ማኅበረሰቦችን አጥንታ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ ካወጡ፣ ራሳቸው ከተቆጣጠሩና አጥፊውን ደረጃ በደረጃ ከቀጡ የጋራ ሀብት ለብዙ መቶ ዓመታት እንደሚዘልቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ስትቀበል ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ከመረመረቻቸው አገሮች አንዱ ለእኛ ቅርብ የሆነ ታሪክ አለው። በእስፔን የቫሌንሲያ ከተማ ዙሪያ ያለው የአትክልት ሜዳ በስምንት የመስኖ ቦዮች ይጠጣል። ቦዮቹ የሚጠሩበት «አሴኪያ» የሚለው ቃል «ሳቂያ» ከሚለው ዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን፣ ትውፊቱም አሠራሩን ከአንደሉስ ሙስሊሞች ዘመን ይጀምረዋል። ንጉሥ ቀዳማዊ ጃይሜ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1238 ከያዘ በኋላም መስኖው በሙስሊሞቹ ጊዜ በነበረው ልማድ እንዲቀጥል ፈቅዷል። እስከ ዛሬ ድረስ ገበሬዎቹ የመረጧቸው ዳኞች፣ ራሳቸውም ገበሬዎች የሆኑ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ ደጃፍ ተቀምጠው የውሃ ክርክር ይሰማሉ። ክርክሩ በቃል ነው፤ ውሳኔውም እዚያው ይሰጣል። የተከሰሰው ሰው ከሚጠጣበት ቦይ የተመረጠው ዳኛ በፍርዱ አይገባም። ውሃ ባነሰ ጊዜ ደግሞ ጉድለቱ በድርሻ ለሁሉም ይከፋፈላል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

ሩቅ ሳንሄድ በገዛ አገራችን ገጠርም «የውሃ አባት»፣ በትግራይ «አቦ ማይ» የሚባል ሰው በመስኖ ተጠቃሚዎች ተመርጦ ተራ የሚያስጠብቅበት ልማድ አለ። አያቶቻችን ያውቁት የነበረውን ነገር ፎቅ ላይ ስለወጣን መርሳት አለብን?

በመሆኑም ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ. በበጋ ለእያንዳንዱ መደብ በሳምንት 200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 10 ጊዜ ይመደብ። በጎማ መቅዳት ይቅር።

2ኛ. ይህ ድርሻ በቀን ወደ 28 ሊትር ገደማ ስለሆነ 6 ካሬ ሜትር በደንብ ያጠጣል። ስለዚህ በበጋ 6ቱን ብቻ እንትከል፤ 4ቱን በገለባ ሸፍነን እናሳርፍ። ጉድለቱን ሁላችን እኩል እንሸከመው።

3ኛ. መቅጃው ሰዓት ከሱብሂ በኋላና ከመግሪብ በፊት ይሁን። በጠራራ ፀሐይ የሚፈስ ውሃ ይበልጥ ይተናል። ሳሙና ያልነካው የእህልና የአትክልት ማጠቢያ፣ የውዱእም ውሃ ቢጠራቀም ለጓሮው ይሆናል።

4ኛ. በየወሩ በተራ የሚቀየር አንድ «የውሃ አባት» ወይም «የውሃ እናት» ይኑር። ደንብ ያፈረሰ መጀመሪያ ይመከር፣ ሲደግም አንድ ሳምንት ብስባሹን ይገልብጥ፣ ሲሠልስ መደቡ ለተረኛ ይሰጥ። ከሳሽም ተከሳሽም በዳኝነት አይቀመጥ።

5ኛ. ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን የአንድ ዘር ወገን ስለሆኑ በአንድ ቦታ ላይ እየተከታተሉ አይተከሉ፤ ተባይና በሽታቸው አንድ ነውና። በመካከሉ ባቄላ ወይም አተር ይግባ፤ አፈሩንም ያለማል። ይህን ሁሉም ካላደረገው አንዱ ብቻውን ማድረጉ እምብዛም አይጠቅምም።

«ይህ ሁሉ ሕግ ለጥቂት ቅጠል?» የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው። መኪና ማቆሚያ ብናደርገውም ተራ፣ ድርሻና ዳኛ ያስፈልገዋል። ከ20 ቤት ባነሰ ሰው መካከል የሚጣሉበት ጠባብ ቦታ ይሆናል እንጂ ጠቡ አይቀርም። ጎማውን የሰካው እጅ ነገ መኪናውን በሌላው ቦታ ላይ ያቆማል።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም በየግቢያችሁ መደብ ሊሰጣችሁ ከሆነ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሃው በሳምንት ስንት ሊትር ነው? ሲጎድል የሚጎድለው በማን ላይ ነው? የተበደለስ አቤት የሚለው ለማን ነው? መልሱ ተጽፎ ከተገኘ ትከሉ። ካልተገኘ መጀመሪያ ወረቀቱን ጻፉ።

እኔም ኢንሻአላህ ከስብሰባው በፊት ወደ እኚያ እናት ቤት ሄጄ እንዲገኙ እጠይቃለሁ። ስለ ጓሮው ድምፅ ሲሰጥ በመጀመሪያ መናገር ያለባቸው እርሳቸው ናቸው።