ቀኙ ማጠፊያ ላይ ያለው ክፍተት

ጥያቄ፦ የ1985 ሞዴል ፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ ያላቸው አንባቢ፣ መንገድ ዳር የሚያድረው መኪናቸው የኋላ ስፖንዳ እንዳይሰረቅ ምን ይበጃል ይላሉ።

መልስ፦ ስጋታቸው እውነት ነው። የዚህ መኪና ስፖንዳ ያለ መፍቻ ይወልቃል፦ ሌባው ይከፍተዋል፣ ሁለቱን የጎን ማገጃዎች ይነቅላል፣ ስፖንዳውን ግማሽ ድረስ ቀና አድርጎ በቀኝ በኩል ከማጠፊያው ያወጣዋል። ግራው ተንሸራቶ ይከተላል።

ስለዚህ መጠበቅ ያለበት ቀኙ ነው። የራዲያተር ጎማ የሚታሰርበት ብረት ፋሼታ በቀኙ ማጠፊያ ዙሪያ ተጠምጥሞ በካቻቪቴ ይጥበቅ፤ ስፖንዳው የሚወጣበት ክፍተት ይደፈናል። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። ፋብሪካው የሠራውን ያልዛገ ስፖንዳ ፈልጎ መተካት ግን እጅግ አድካሚ ነው!

የእጀታ ቁልፍም ይጨመርበት።

ግድግዳ ከተገኘ የመኪናው ጀርባ ተጠግቶ ይቁም፤ ስፖንዳው መከፈቻ ቦታ ያጣል። የሻንሲ ቁጥሩም በውስጥ በኩል ቢቀረጽ፣ የተሰረቀው ሲገኝ ባለቤቱን ለማወቅ ይረዳል።