ኖራ፦ በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በታሪክና በአካባቢያችን

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ጌታችን ግብዞችን በኖራ ከተለሰነ መቃብር ጋር ያመሳስላቸዋል። ይህን ክፍል የሚያስተምር ካቴኪስት «ኖራ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻውም። በምዕራብ ሐረርጌ በብዙ ስፍራ የኖራ ድንጋይ አለ፤ በጥንት ዘመን አገሩን ሸፍኖት በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው። በመቻራ አካባቢ የሚገኙት ዋሻዎች የዝናብ ውሃ ይህንኑ ድንጋይ እያሟሟ የፈለፈላቸው ናቸው። በውስጣቸው ጠብታ በጠብታ ያደጉትን የድንጋይ ዓምዶች ሊቃውንት እየመረመሩ የጥንቱን ዝናብ ታሪክ አንብበውባቸዋል።

ድንጋዩ በእቶን ውስጥ እስከ 900 ዲግሪ ገደማ ሲግል፣ ከ100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 44 ኪሎ ያህሉ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። የቀረው ነጭ ነገር ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ይፈረካከሳል፤ ይልማል። በግድግዳ ላይ ከተለሰነ በኋላ ግን ያጣውን ጋዝ ከአየር ቀስ በቀስ መልሶ ይወስድና ዳግመኛ ድንጋይ ይሆናል።

አይሁድ መቃብርን በኖራ የሚያነጡት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ከፋሲካ በፊት መንገደኛ ሳያውቅ ነክቶት እንዳይረክስ ምልክት ይሆን ዘንድ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 27 ደግሞ ሕዝቡ ዮርዳኖስን ሲሻገር ታላላቅ ድንጋዮችን አቁሞ በኖራ እንዲመርግ፣ ሕጉንም እንዲጽፍባቸው ታዟል። ሁለቱ ክፍሎች አብረው ቢነበቡ መልካም ነው፤ ያው ኖራ በአንዱ ሬሳን ይሸፍናል፣ በሌላው የእግዚአብሔርን ቃል ይሸከማል።

በአገራችን ታሪክ የኖራ ነገር እኛን ካቶሊካውያንን በቀጥታ ይነካል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበሩ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጽሑፎች እንደሚያወሱት፣ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያሳየው ከህንድ የመጣ ግንበኛ ነው። በጣና ዳር በጎርጎራ፣ በደንቀዝም በኖራ ተገነባ። ከዚያ በኋላ በሃይማኖት ምክንያት የብዙ ወገን ደም ፈሰሰ፤ ይህን ለልጆቻችን መሸሸግ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1632 የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ኖራውን ግን አላስወጡም። የጎንደር ግንቦች የቆሙት በእርሱ ነው።

ወደ እኛ አቅራቢያ ስንመለስ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተቋቋመ። ሲሚንቶም ከዚሁ ድንጋይ ነው የሚወጣው፤ ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ እስከ 1450 ዲግሪ ገደማ ይቃጠላል። ፈጥኖ ስለሚጠነክር ኖራን ከብዙ ሥራ አስወጥቶታል።

ይሁን እንጂ በድንጋይና በጭቃ ወይም በኖራ የተሠራ አሮጌ የጸሎት ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ከውስጥ ይታመቅና ልስኑን እየገፋ ይጥለዋል። ምእመናን ካላቸው ላይ ቀንሰው ያዋጡት ገንዘብ በጥቂት ክረምት እንዲህ ሲረግፍ ማየት ያሳዝናል። የሰበካ ምክር ቤት ሲሚንቶ ከመግዛቱ አስቀድሞ የድሮው ግድግዳ በምን እንደተሠራ በዕድሜ የገፉ ግንበኞችን ይጠይቅ። ኖራ የተመረጠ እንደሆነም ውሃ በሚጠጣበት ጊዜ ሕፃናት አይቅረቡ፤ ዓይንን ያጠፋልና።