ከመግጠም በፊት መደመር፦ የስፖርት ቱሪንግ ሞተር ብስክሌት ጥገናና ተጨማሪ መሣሪያዎች በፊዚክስ ዓይን

በአገራችን ሞተር ብስክሌት ሲባል በአብዛኛው ወደ አእምሯችን የሚመጣው በከተማ መልእክት የሚያደርስ፣ በገጠርም የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ የሚያመላልስ ቀላል መሣሪያ ነው። በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በጃፓን ግን ለረጅም ጉዞ ታስቦ የሚሠራ ሌላ ዓይነት አለ፤ ይኸውም «ስፖርት ቱሪንግ» የሚባለው ነው። ይህ ሞተር ብስክሌት የእሽቅድድም ሞተርን ፍጥነትና የመንገደኛን ምቾት በአንድነት ለማስገኘት የተነደፈ ነው። ለምሳሌ ያህል የያማሃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለአውሮፓ ገበያ ያቀረበውን ኤፍ ጄ አር 1300ን እንውሰድ። ሞተሩ 1,298 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያላቸው 4 ሲሊንደሮች አሉት፤ የነዳጅ ታንኩ 25 ሊትር ይይዛል፤ ኃይሉም ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፈው በካቴና ሳይሆን በሚሽከረከር የብረት ዘንግ ነው።

የእንዲህ ያለ ሞተር ብስክሌት ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚደሰተው ተጨማሪ መሣሪያ በመግጠም ነው፤ መብራት፣ የሚሞቅ እጀታ፣ የኋላ ሳጥን፣ ከፍ ያለ የንፋስ መከላከያ መስታወት ይጨምርበታል። ይሁን እንጂ ማንኛውም ማሽን ከፋብሪካ ሲወጣ የተወሰነ ትርፍ ብቻ ይዞ ይወጣል። የኤሌክትሪክ ትርፍ፣ የክብደት ትርፍ፣ የሙቀት ትርፍ አለው። ተጨማሪ መሣሪያ ሁሉ ከዚህ ትርፍ ላይ የሚቀነስ ነው፤ ጥገና ደግሞ ትርፉ እንዳይመናመን የሚጠብቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሒሳብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ፊዚክስ መሥራት ነው።

የአንድ ምሽት ትምህርት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቱን ይከታተል በነበረበት ጊዜ ያገለገለ የስፖርት ቱሪንግ ሞተር ብስክሌት ነበረው። ለክረምቱ ጉዞ ሁለት ተጨማሪ መብራቶችና በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጃኬት ገጠመበት። በአንድ ቀዝቃዛ ምሽት፣ ከአንድ ዋሻ መግቢያ ፊት ለፊት ረጅም የተሽከርካሪ ሰልፍ ውስጥ ሳለ መብራቱ እየደበዘዘ ሄደ፤ ቀጥሎም ሞተሩ ጠፋ፤ ዳግመኛም አልነሣ አለ። ወደ 300 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ብረት ያለ አንዳች መብራት፣ ከባድ መኪናዎች በሚያልፉበት ጨለማ፣ ወደ መንገዱ ዳር መግፋት ግድ ሆነ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የራሱ የባለቤቱ ነበር። ቀኑን ሙሉ በላቦራቶሪ ውስጥ የዋት ሚሊዮንኛ ክፍል ሲለካ የሚውል ሰው፣ በራሱ ሞተር ብስክሌት ላይ አምስት ቁጥሮችን ሳይደምር ቀርቷል።

የኤሌክትሪክ በጀት

የጎደለው ድምር የሚከተለው ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤፍ ጄ አር 1300 ሞዴሎች ዲናሞ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር 490 ዋት ያህል ያመነጫል። ከዚህ ውስጥ የፊትና የኋላ መብራቶች፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ የማቀጣጠያው ሥርዓትና የማቀዝቀዣው ማራገቢያ በአንድነት ሲሠሩ 300 ዋት ይወስዳሉ ብለን እንገምት። በዚህ ላይ የሚጨመሩት፦

የሚሞቅ ጃኬት፦ 80 ዋት
የሚሞቁ እጀታዎች፦ 36 ዋት
ሁለት ሃሎጂን መብራቶች፦ 110 ዋት
የስልክና የአቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ ባትሪ መሙያ፦ 10 ዋት

የተጨማሪዎቹ ድምር 236 ዋት ነው፤ ጠቅላላው ፍጆታ 536 ዋት ይሆናል። ጉድለቱ 46 ዋት ነው። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው ባትሪው ሲሆን፣ በ12.5 ቮልት 3.7 አምፒር ያህል ያወጣል ማለት ነው። 12 አምፒር ሰዓት የሚይዝ አዲስ ባትሪ በዚህ አኳኋን ከሦስት ሰዓት ጥቂት በልጦ ያልቃል፤ ሞተር ለማስነሣት የማይበቃ የሚሆነው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። በተሽከርካሪ ሰልፍ ውስጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው የሚያመነጨው ኃይል ከ490 ዋት እጅግ ያነሰ ስለሚሆን ሁኔታው ይብሳል። ከላይ በተነገረው ምሽት የሆነውም ይኸው ነው።

መፍትሔው ሁልጊዜ መሣሪያውን መተው አይደለም። ሃሎጂኖቹን እያንዳንዳቸው 15 ዋት በሚወስዱ የኤል ኢ ዲ መብራቶች ብንተካ ጠቅላላው ፍጆታ ወደ 456 ዋት ዝቅ ይላል፤ ጉድለቱም ወደ 34 ዋት ትርፍ ይለወጣል። ዲናሞው መሥራቱን ለማረጋገጥ ደግሞ አንድ ቮልት መለኪያ ይበቃል። ሙሉ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራና ዲናሞው ሲሞላው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። መሣሪያዎቹ ሁሉ በርተው ንባቡ ከ13 በታች ከወረደ ባትሪው እየተበላ ነው።

የሽቦ ውፍረት

መብራቱ የሚፈልገውን ኃይል ዲናሞው ቢያመነጭም እንኳ በመንገድ የሚጠፋ ኃይል አለ። 110 ዋት በ13.8 ቮልት 8 አምፒር ያህል ነው። የመስቀለኛ ቁርጡ ስፋት 1 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.017 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። ደርሶ መልሱ 4 ሜትር ቢሆን ተቃውሞው 0.07 ኦም ይደርሳል፤ በኦም ሕግ መሠረት 0.55 ቮልት በሽቦው ላይ ይቀራል። ይህ ከጠቅላላው 4 በመቶ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሃሎጂን አምፑል ብርሃን ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ስለሚቀንስ የብርሃኑ ጉዳት ከ10 በመቶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ መጠቀም፣ ኃይሉን በሪሌ አማካይነት በቀጥታ ከባትሪው መውሰድና ፊውዙን ለባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አቅርቦ መትከል ያስፈልጋል። ፊውዙ ከባትሪው ከራቀ፣ በመካከል ያለው ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያቋርጠው ነገር አይኖርም፤ እሳትም ሊነሣ ይችላል።

ክብደት የሚቀመጥበት ቦታ

ከኤሌክትሪክ ቀጥሎ የምናሰላው ክብደትን ነው። በሁለቱ የጎማ እምብርቶች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ነው እንበል። ከኋላው እምብርት በስተኋላ በ0.4 ሜትር ርቀት 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳጥን ብንጭን፣ የሞመንት ሕግ እንደሚያሳየው የፊት ጎማው ሸክም በ4 ኪሎ ግራም ይቀንሳል፤ የኋላው ደግሞ በ19 ኪሎ ግራም ይጨምራል። አንድ ሳጥን ሁለት ለውጥ አመጣ ማለት ነው። መሪውን የሚይዘው የፊት ጎማ ቀለለ፤ የኋላው ሞላም ከሳጥኑ ክብደት በላይ ተጫነ።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ሞተር ብስክሌት በሩጫ ላይ ሳለ እንደ ማንኛውም የሚወዛወዝ አካል የራሱ ድግግሞሽ አለው። መላ አካሉ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ያህል ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝበት ሁኔታ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ የሚታይ ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት ውዝዋዜው በራሱ ይረግባል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን የማርገብ አቅሙ እየደከመ ይሄዳል። ከፍ ብሎና ወደ ኋላ ርቆ የተቀመጠ ሸክም፣ ያለቀ ጎማ ወይም የላላ የመሪ ኩሽኔታ ይህን ድካም ያፋጥናል። ማርገቡ ዜሮ ሲደርስ ትንሽ የንፋስ ግፊት የጀመረችው ውዝዋዜ ከመጥፋት ይልቅ እያደገች ትሄዳለች።

ነገሩ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ አንድ የፖሊስ አባል የስፖርት ቱሪንግ ሞተር ብስክሌት ሲነዳ በደረሰ አደጋ ሕይወቱ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2007 የሞቱ ምክንያት ሲጣራ የከፍተኛ ፍጥነት ውዝዋዜ ጉዳይ በይፋ ተነሥቷል፤ በርካታ የብሪታንያ የፖሊስ ክፍሎችም ያን ሞዴል ከአገልግሎት አውጥተዋል። አምራቾች በባለቤት መመሪያው ላይ ለሳጥኖች የክብደትና የፍጥነት ገደብ የሚጽፉት እንዲያው ለወጉ አይደለም። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ወደ መካከል ቀርቦ፣ በግራና በቀኝ እኩል ተከፍሎ ይጫን፤ የኋላው ሞላም ለሸክሙ ተስማሚ ሆኖ ይስተካከል። ሞላው ሳይስተካከል የቀረ እንደሆነ የኋላው ክፍል ስለሚወርድ የፊት መብራቱ መንገዱን ትቶ የመጪውን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል።

ጎማ፣ አየርና ከፍታ

ይህን ሁሉ ሸክም የሚሸከመው በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። የጎማው ይዘት አልተለወጠም ብንል፣ ግፊቱ ከፍጹማዊ የሙቀት መጠን ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል። በባሕር ወለል ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2.5 ባር የሞላነው ጎማ ፍጹማዊ ግፊቱ 3.5 ባር ነው። ከረጅም ሩጫ በኋላ አየሩ 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ 3.5 በ333 ተባዝቶ ለ293 ሲካፈል 3.98 ባር ይሆናል፤ መለኪያው 2.98 ያሳያል። ይህን አይቶ «ግፊቱ በዛ» ብሎ ወደ 2.5 የሚያስተነፍስ ሰው፣ በማግሥቱ ጠዋት ጎማው ሲቀዘቅዝ 2.08 ባር ብቻ ያገኛል። ግፊቱ ያነሰ ጎማ ይበልጥ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን ያዳክማል። ስለዚህ ጎማ የሚለካው ከጉዞ በፊት፣ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ጎሚስታውም ዘንድ የምንሄደው መኖሪያችን ቅርብ ሲሆን ብቻ ይሁን።

ለእኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ 0.76 ባር ያህል ነው። በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ 2.5 ባር የሞላነውን ጎማ ወደ ጅቡቲ ብናወርደው የውጭው ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው 2.25 ማሳየት ነበረበት። የጅቡቲ ሙቀት 38 ዲግሪ ቢሆን ግን ንባቡ እንደገና ወደ 2.45 ከፍ ይላል። ሁለቱ ለውጦች እርስ በርሳቸው ሊጣፉ ተቃርበዋል። ወደ ቀዝቃዛ ቆላ ቢወረድ ኖሮ ግን እንዲህ ባልሆነ ነበር።

ፍሬንና ውኃ

በመጨረሻም ፍሬንን እንመልከት። ሞተር ብስክሌቱ፣ አሽከርካሪውና ጓዙ በአንድነት 400 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲሮጡ የእንቅስቃሴ ኢነርጂያቸው 222 ኪሎ ጁል ያህል ነው። አንድ ጊዜ ለመቆም ይህ ሁሉ በዲስኮቹ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጣልያን ውስጥ 2,757 ሜትር ከፍታ ካለው ከስቴልቪዮ መተላለፊያ ወደ ቦርሚዮ ከተማ ሲወረድ ደግሞ የከፍታው ልዩነት 1,500 ሜትር ያህል ነው፤ የሚለቀቀው ኢነርጂ 5.9 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ይህ ከ26 ሙሉ ማቆም ጋር እኩል ነው። የዓባይን በረሃ የወረደ አሽከርካሪ ነገሩን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ነው የፍሬን ዘይት ጉዳይ የሚመጣው። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ነገር ግን ከአየር እርጥበት ይስባል። በደረጃው መለኪያ መሠረት ውኃ የጠጣው ዘይት መፍያ ነጥብ እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት እንደ ፈሳሹ ሳይሆን በቀላሉ የሚታመቅ ስለሆነ፣ የፍሬኑ መርገጫ እስከ መጨረሻው ይወርዳል፤ ጎማው ግን አይቆምም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር የሚመከረው ኪሎ ሜትሩ ባይቆጠርም እርጥበቱ ስለሚቆጠር ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይም ማርሽ ዝቅ አድርጎ ከኢነርጂው ከፊሉን ለሞተሩ ማካፈል ይገባል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ባየናቸው ምሳሌዎች ሁሉ ከመደመር፣ ከማባዛትና ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ አላስፈለገንም። የሚያስፈልገው ቁልፍና መፍቻ ከማንሣት በፊት እርሳስና ወረቀት ማንሣት ነው። ሕጉ ለ1,300ውም ለ100 ሲሲውም ሞተር አንድ ነው፤ ትንሹ ሞተር ትርፉ ትንሽ ስለሆነ እንዲያውም ይበልጥ ይጠነቀቁለታል።

ለአንባብያን የቀረቡ ጥያቄዎች፦

1. የዲናሞው ኃይል 100 ዋት በሆነ ትንሽ ሞተር ብስክሌት ላይ 55 ዋት የሚወስድ ተጨማሪ መብራት መግጠም ይቻላልን? ለመመለስ ምን ምን መለካት ያስፈልጋል?

2. ከላይ የተጠቀሰው 15 ኪሎ ግራም ሳጥን ከኋላው እምብርት ወደ ፊት 0.3 ሜትር ቢቀመጥ፣ የእያንዳንዱ ጎማ ሸክም በስንት ይለወጣል?

3. በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ 2.5 ባር የተሞላ ጎማ በሌሊት 5 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ መለኪያው ምን ያሳያል?