አሮጌ የመኪና መጫወቻዎችን ስለ ማደስ

«ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» እንዲሉ፣ የዕረፍት ሰዓታችን በከንቱ እንዳያልፍ እጃችንን የሚያሠራ ነገር ያስፈልገናል። በዚህ ጽሑፍ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አንድ የእጅ ሥራ እንመለከታለን፤ ይኸውም ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ማውጫ የተሠሩ ያረጁ ትንንሽ መኪናዎችን ማደስ ነው።

በመጀመሪያ ከየት እንደ መጡ እንወቅ። በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑሉ መካኖ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ «ዲንኪ» የተባሉትን ይሠራ ነበር። የለንደኑ ሌስኒ ደግሞ በ1953 «ማችቦክስ» የተባሉትን አወጣ። ማችቦክስ ማለት የክብሪት ቀፎ ነው። ከኩባንያው ባለቤቶች አንዱ ጃክ ኦዴል፣ የልጁ ትምህርት ቤት በክብሪት ቀፎ የሚገባ መጫወቻ ብቻ ይፈቅድ ስለ ነበር፣ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት፤ ስሙም ከዚያ መጣ።

የመኪናዎቹ አካል በአብዛኛው ዚንክ ሲሆን ጥቂት አሉሚኒየም ተቀላቅሎበታል። ይህን ማወቃችን ለሥራው ይጠቅመናል።

1ኛ/ መምረጥ። ቀለሙ ያልተነካ፣ ካርቶኑ ያልጠፋ አሮጌ መኪና ከተገኘ እንዳለ እንተወው፤ የጥንት ቀለሙ ታሪኩ ነውና። የሚታደሰው ቀለሙ የረገፈ፣ ጎማው የጠፋ ነው። ብረቱ በራሱ ጊዜ አብጦ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን መድኃኒት የለውም። ይህ በሽታ የሚመጣው ቅልቅሉ ሲሠራ እንደ እርሳስ ያለ ባዕድ ማዕድን ሲገባበት ነው።

2ኛ/ መፍታት። ከሥሩ ያለውን የተደፈጠጠ ችንካር ራሱን ብቻ በቀጭን መሰርሰሪያ እናንሣ።

3ኛ/ ቀለም ማስለቀቅ። ኮስቲክ ሶዳ ዚንክን ስለሚበላ ለብረት የተዘጋጀ ማስለቀቂያ ይሻላል። ጓንት አድርገን ነፋስ በሚገባበት ቦታ እንሥራ። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አንፈግፍገው፤ ሕፃናትንም እናርቅ።

4ኛ/ መቀባት። አጥበን ካደረቅን በኋላ መሠረት ቀለም፣ ከዚያም ዋናውን በስሱ ደጋግመን እንቀባ። ወፍራም ቀለም የበሩን መስመር ይደፍናል።

5ኛ/ መግጠም። በችንካሩ ቦታ ትንሽ ብሎን ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ነው። የታደሰ መኪና አዲስ ይመስላል፤ ለማያውቅ ሰው እንዳልተነካ አስመስሎ መሸጥም ይቻላል። የሰብሳቢዎች ገበያ ላልተነካው ብዙ ስለሚከፍል ፈተናው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከሆዱ ሥር «ታድሷል» ብለን ከነዓመቱ እንጻፍበት። ያን ጊዜ የእጃችን ሥራ ማንንም ሳያታልል በራሱ ዋጋ ይቆማል።