ቺጎንግ ጥሩ ነው፣ የግፊት ክኒናችሁን ግን እንዳታቆሙ!



በቅርቡ ከዓለም ገና የመጡ አንድ አባት ግፊታቸውን ስለካ 180/110 ሆኖ አገኘሁት። «አባባ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» ስላቸው «ኧረ ትቼዋለሁ ዶክተር! ልጄ በስልኳ ያሳየችኝን የቻይኖች እስፖርት ጀምሬያለሁ፤ እንቅልፌም ተስተካክሏል» አሉኝ። እስፖርቱ ቺጎንግ ነው። የጀመሩት ነገር ጥሩ ነበር፤ ግን ግፊት ምንም ሳያም ነው ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳው። ደህና እንቅልፍ መተኛት ግፊት ወርዷል ማለት አይደለም።

«ቺ» እስትንፋስ ወይም የሕይወት ኃይል፣ «ጎንግ» ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ማለት ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለጀማሪ የሚቀለው ስምንት እንቅስቃሴ ያለው «ባዱዋንጂን» ነው። «ቺ» የሚባለውን ኃይል እኛ ሐኪሞች በመሣሪያ አንለካውም። ቀስ ብላችሁ ስትተነፍሱ ግን የልብ ምት ረገብ ይላል፣ የደም ስሮችም ዘና ይላሉ። ጥናቶች ላይ ግፊት በመጠኑ ሲቀንስ፣ የአረጋውያንም ሚዛን ሲሻሻል ታይቷል። በመጠኑ ነው ያልኩት! «ሃይማኖት አይደለም ወይ?» ለምትሉኝ፣ ታሪኩ ከዳኦና ከቡድሃ እምነት ጋር ይነካካል፤ እንቅስቃሴውን ግን እንደ ማንኛውም እስፖርት መሥራት ይቻላል።

እስቲ የመጀመሪያውን እንሞክር። እግራችሁን በትከሻችሁ ስፋት ከፍታችሁ ቁሙ፣ ጉልበታችሁ ትንሽ ለቀቅ ይበል። ከእምብርት በታች መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጣቶቻችሁን አቆላልፉ። በአፍንጫችሁ አየር እየሳባችሁ እጃችሁን እስከ ደረት አንሱ፤ እዚያ ስትደርሱ መዳፉን ገልብጣችሁ ጣሪያ እንደምትገፉ ወደ ላይ ዘርጉት። ከዚያ ጣታችሁን ፈታችሁ፣ አየሩን ቀስ ብላችሁ እያስወጣችሁ እጃችሁን በጎን በጎን አውርዱ። ስድስት ጊዜ ይበቃል። ትንፋሽ አፍናችሁ አትያዙ፤ በተለይ ግፊት ያለባችሁ። ትከሻ የሚያማችሁ እስከ ግንባር ብቻ አንሱ፤ መቆም የሚከብዳችሁ ወንበር ላይ ሆናችሁ ሥሩት።

የዓለም ገና ልጆች፣ የጅማና የቡታጅራ መንገድ የሚለያየው እናንተ ጋ ስለሆነ የከባድ መኪናውን ጭስና አቧራ ታውቁታላችሁ። አስፋልት ዳር ቆማችሁ አየር በኃይል አትሳቡ፤ ጊቢ ውስጥ በጠዋት ይሻላል። ከሰል የተያያዘበት ክፍል ውስጥማ በፍጹም!

ካዞራችሁ ወይም ደረታችሁን ካመማችሁ አቁማችሁ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

አባባ ክኒናቸውን ቀጥለዋል፤ ቺጎንጉንም አላስቆምኳቸውም። በየቀኑ ግፊታቸውን ከመለካታቸው በፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለው እንዲያርፉ፣ ቁጥሩንም ልጃቸው ደብተር ላይ እንድትጽፍላቸው ተስማምተናል። እናንተም መለኪያ ካላችሁ እንዲሁ እየጻፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ።